«በዚሁ ይቀጥል»፦ ደካማ ሠራተኛ የማፍራት ዘዴ

ደካማ ሠራተኛ ለማፍራት ሥልጠናም ትልቅ በጀትም አያስፈልግም። ሰው ማስቀየም የማይወድ አንድ ደግ አለቃ ይበቃል።

ሥራው የሚጀመረው ገና በሙከራ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛ ለቦታው ተስማሚ መሆኑ እንዲታይ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ ደጉ አለቃ ግን ጊዜውን ለትውውቅ ያውለዋል። የመጀመሪያው ሪፖርት በስህተት ተሞልቶ ሲመጣለት «ጥሩ ነው፣ በርታ!» ይልና አምሽቶ ራሱ ያስተካክለዋል። ሠራተኛው እርማቱን አላየምና በሚቀጥለው ወር ያንኑ ስህተት በሙሉ ልብ ይደግመዋል።

ከዚያ ምዘና ይመጣል። ቅጹ ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ከርሞ፣ የሰው ሀብት ክፍል «ነገ የመጨረሻው ቀን ነው» ሲል ይወጣል። አለቃው «ራስህ ሙላውና አምጣው፣ እፈርማለሁ» ይላል። ሠራተኛው በትሕትና ለራሱ ከመቶ 94 ይሰጣል፤ 96 ቢያደርገው አለቃውን መብለጥ ይሆንበታል። «ሊሻሻሉ የሚገባቸው» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ «በዚሁ ይቀጥል» ተብሎ ይጻፋል። በእውነትም በዚሁ ይቀጥላል። ጎኑ ተቀምጦ ከልቡ የሚሠራው ባልደረባም ያገኘው 94 ነው። ይህን ያወቀ ዕለት እሱም ሰዓት ማየት ይጀምራል፤ አንድ ደካማ የነበረው ክፍል ያለ ምንም ወጪ ሁለት ይኖሩታል።

አለቃው አስተያየት የለውም ማለት ግን ሐሜት ነው። ሞልቶታል! የሠራተኛውን ድክመት ለሌሎች አለቆች በሻይ ሰዓት፣ ለሾፌሩ በመንገድ፣ ለባለቤቱ በእራት ላይ በዝርዝር ያስረዳል። የማያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። «ለእሱማ እንዴት ይነገራል? ይቀየማል» ይባላል። እርግጥ በኢሕአዴግ ዘመን በተሞላ አዳራሽ የተገመገመ ትውልድ ከስብሰባ ውርጅብኝና ከዝምታ ሌላ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ባያምን አይፈረድበትም። በር ዘግቶ «ይህች ሠንጠረዥ ተሳስታለች፣ እንዲህ አድርገህ ሥራት» ማለት አሥር ደቂቃ የሚፈጅ መሆኑ እስካሁን በምስጢር ተይዟል።

በመጨረሻ የአለቃው ትዕግሥት ያልቃል። ጨዋ ከሆነ ሠራተኛውን «ታታሪና ምስጉን» በሚል ደብዳቤ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረዋል፤ የዚያም ክፍል አለቃ እንዲሁ ደግ ሰው ነው። የጨከነ ዕለት ደግሞ «የሥራ ችሎታ የለውም» ብሎ ያሰናብተዋል፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ይደርሳል። ሠራተኛው ጠበቃ መቅጠር እንኳ አያስፈልገውም፤ የምዘና ቅጾቹን አስሮ ያቀርባል። ሁሉም ላይ 94 ተጽፏል፣ ሁሉም ላይ የአለቃው ፊርማ አለ።