ለሦስት ዓመት የሚጸና ቃል

የተጠናቀረ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለሌላ ማስተላለፍ የተፈቀደ ነው፤ ፈቃዱን ማንበብም እንዲሁ አልተከለከለም። አምራቾች የመጀመሪያውን በደስታ ይሠሩና ሁለተኛውን ለጠበቃ ያቆዩታል፤ ጠበቃው ደግሞ የሚጠራው ክስ ሲመጣ ነው።

ኤምአይቲና ቢኤስዲ የተባሉት ፈቃዶች ቸሮች ናቸው፤ የቅጂ መብት ማስታወቂያውና የፈቃዱ ጽሑፍ አብረው ይሂዱ ከማለት ብዙም አያልፉም። ያቺ ገጽ ግን ሳጥኑ ውስጥ ቦታ ታጣለች፤ ማንም የማያነበው የዋስትና ወረቀት በየቋንቋው ታትሞ ተመቻችቶ ይቀመጣል።

ጠበቅ የሚያደርገው ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሁለተኛው እትም የተጠናቀረውን ለንግድ የሚያሰራጭ ሰው የምንጭ ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ፣ አለዚያም ኮዱን ለጠየቀ እሰጣለሁ የሚል፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል እንዲያያይዝ ያዛል። ማጠናቀሪያና መጫኛ ስክሪፕቶቹም የኮዱ አካል ናቸው። «ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ!» የሚለው የተለመደ መልስ አያዋጣም፤ የሚፈለገው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ያው እትም፣ ከነማሻሻያው ነው።

የሊንክሲስ ራውተር ደብሊውአርቲ54ጂ በዚሁ ፈቃድ የሚሰራጨውን ሊኑክስን በሆዱ ይዞ ኮዱን ሳይሰጥ ገበያ ወጣ። ጉትጎታው ሲበዛ ኩባንያው በ2003 ኮዱን ለቀቀ፤ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌርም ከዚያ ተወለደ። ሕግ ማክበር ዘግይቶም ቢሆን ዕቃውን ይበልጥ ተፈላጊ አደረገው።

ሁለተኛውን እትም የጣሰ የማሰራጨት መብቱን ወዲያው ያጣል። በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ማስጠንቀቂያው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካረመ መብቱን ይመልስለታል።