ስሙ የት ላይ ያበቃል? ከከርሰር ሥር ስለሚገኝ የፋይል ስም የቀረበ የድንበር ጥናት

ችግሩ ላይ ላዩን ሲታይ ጥናት የሚገባው አይመስልም። አንድ ሰው በኤዲተር የከፈተውን ጽሑፍ ሲያነብ የሌላ ፋይል ስም ያጋጥመዋል፤ ከርሰሩን ስሙ ላይ አሳርፎ ያ ፋይል እንዲከፈትለት ይፈልጋል። ቪም በተባለው ኤዲተር ለዚህ ጂ እና ኤፍ የሚባሉትን ፊደላት አከታትሎ መምታት ይበቃል። ሰውየው ስሙን አንዴ አይቶ ለይቶታል። ኤዲተሩ ግን ዓይን የለውም፤ ያለው ደንብ ነው። ደንቡም ስሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ መቁረጥ ይጠበቅበታል።

ደንብ አውጪዎችን ለዚህ ፈተና የዳረጋቸው ዩኒክስ ነው። በዩኒክስ የፋይል ስም ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስላሽ እና ዋጋው ዜሮ የሆነው ባይት። ስፔስ፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ አዲስ መስመር ሳይቀር ይፈቀዳል። በሊኑክስ የተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች ለአንድ ስም 255 ባይት ይሰጣሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ እስከ 85 ፊደል የሚረዝም ማንኛውም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሕጋዊ የፋይል ስም መሆን ይችላል ማለት ነው። «ስብሰባው ለሐሙስ ተላልፏል» የሚለው ጽሑፍ ዜና ይሁን ፋይል፣ ከጽሑፉ ብቻ ተነሥቶ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ቪም፣ ሲከፈት በኡጋንዳ ላሉ ድሃ ሕፃናት እርዳታ የሚጠይቅ ትሑት ፕሮግራም ነው። በድንበር ጉዳይ ላይ ግን ቆራጥ ነው። ኢዝኤፍኔም የሚባል ቅንብር አለው፤ በውስጡ ለስም ግንባታ የተፈቀደላቸው ምልክቶች ተመዝግበዋል። በሊኑክስ መዝገቡ ፊደላትን፣ አኃዞችን፣ ስላሽን፣ ነጥብን፣ ሰረዝን፣ የመደመር ምልክትን፣ ዶላርን፣ ፐርሰንትን፣ የእኩል ይሆናል ምልክትንና ጥቂት ሌሎችን ይዟል። አኃዞቹ የገቡት በስማቸው ሳይሆን በአስኪ ቁጥራቸው ነው፤ ከ48 እስከ 57። የመዝገቡን አባላት የሚለያየው ኮማ ራሱም አባል ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ኮማዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ መሃለኛው ባለመብት፣ ግራና ቀኙ ዘበኞች። በኢሜይል አድራሻ የሚታወቀው ኤት ምልክት ደግሞ በዚህ መዝገብ «ፊደላት ሁሉ» ማለት ነው። ኤት ስለ ራሱ ሊያመለክት ከፈለገ «ከኤት እስከ ኤት» ብሎ መመዝገብ ይኖርበታል።

በዚህ መዝገብ የሚቸገሩ ተጠቃሚዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናሾች ናቸው። በቅንብር ፋይሎች ውስጥ «ቦታ=/ኢቲሲ/ሆስትስ» ዓይነት መስመር ሞልቷል። የእኩል ይሆናል ምልክት የስም አባል ስለሆነ፣ ቪም ከ«ቦታ» ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ ስም አድርጎ ይወስድና ፋይሉን አጣሁት ይላል። ቀናሾቹ ምልክቱን ከመዝገብ ይሰርዙታል። መቀነሻው ትእዛዝ በራሱ የእኩል ይሆናል ምልክት ስላለበት፣ ትእዛዙ የሚያልቀው ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ነው፤ አንደኛው አስፈጻሚ፣ ሁለተኛው ተባራሪ።

ሁለተኛዎቹ ጨማሪዎች ናቸው። እነዚህ «የመጨረሻ ሪፖርት የታረመ አዲስ» ብለው ፋይል የሚሰይሙ ሰዎች ባልደረቦች ሲሆኑ፣ በደል ሲበዛባቸው ቁጥር 32ን፣ ማለትም ስፔስን፣ አባል ያደርጉታል። ያን ጊዜ ድንበር የሚባል ነገር ይቀራል። ከርሰሩ የትም ይቁም፣ ኤዲተሩ ከመስመሩ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ያነሣና በስህተት ቁጥር ኢ447 «ስብሰባው ለሐሙስ ተላልፏል» የተባለውን ፋይል በፓዙ (ፋይል በሚፈልግባቸው አቃፊዎች ዝርዝር) ውስጥ እንዳላገኘ ያሳውቃል።

ሦስተኛዎቹ ተርጓሚዎች ናቸው፤ መዝገቡን አይነኩም። ኢንክሉድኤክስፒአር በሚባል ሌላ ቅንብር፣ ስሙ እንደተጻፈ ተፈልጎ ሲታጣ እንዴት ተለውጦ እንደሚፈለግ ያዛሉ። የጃቫ ፕሮግራመሮች በነጥብ የተለያዩትን የፓኬጅ ስሞች ነጥቡን በስላሽ ቀይረው ወደ ፋይል የሚደርሱት በዚህ መንገድ ነው።

ተቀናቃኙ ኢማክስ ችግሩን በሌላ መንፈስ ያየዋል። ኤፍኤፍኤፒ የሚባለው ክፍሉ እንደ ጽሑፉ ዓይነት የተለያየ ደንብ ይጠቀማል። ከርሰሩ ከኢንተርኔት መመሪያዎች በአንዱ ቁጥር ላይ ቢቆም ሰነዱን ላምጣ ወይ ይላል፤ የኮምፒውተር ስም የሚመስል ቃል ቢያገኝም፣ ከታዘዘ፣ ባለቤቱ መኖሩን በኔትወርክ አንኳኩቶ ያረጋግጣል።

የጥናቱ ከባድ ምዕራፍ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የቪም መመሪያ እንደሚለው ኢዝኤፍኔም የሚገዛው እስከ ቁጥር 255 ያሉትን ምልክቶች ብቻ ነው፤ ከ256 ጀምሮ ያሉት ሁሉ ያለ ምርመራ የስም አባላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ቦታ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አራት ነጥብ ቁጥሩ 4962 ነው። ስለዚህ ቪም ፊት አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ሳይሆን የስም አካል ነው። ኤዲተሩ በስም መጨረሻ የተለጠፈን የላቲን ነጥብ፣ ኮማ ወይም ቃለ አጋኖ በጨዋነት ይቆርጣል፤ «ዝርዝሩ ያለው እዚህ ነው፦ ደብዳቤ።» ሲባል ግን የሚፈልገው «ደብዳቤ»ን ሳይሆን «ደብዳቤ።»ን ነው። ፍርዱ በሥርዓት የሚጽፈውን ይቀጣል። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት የላቲን ኮለን ደርድሮ የሚያልፈው ሰው ግን ፋይሉ ያለ እንከን ይከፈትለታል፤ ኮለን በሊኑክሱ መዝገብ ውስጥ የለምና። በቃላት መካከል ስፔስ ሳይተው ሁለት ነጥብ የሚያደርግ የጥንቱን ሥርዓት የጠበቀ ጸሐፊ ደግሞ መስመሩ በሙሉ አንድ ስም ይሆንበታል፤ ከ85 ፊደል ካለፈ ሕጋዊ ስም እንኳ አይሆንም።

ተርጓሚዎቹ አራት ነጥብን መግፈፍ አይከብዳቸውም። የሚከብደው ሰዋስው ነው። «ከደብዳቤ»፣ «የደብዳቤ»፣ «በደብዳቤ» የሚሉትን ለመክፈት የመጀመሪያዋን ፊደል ማንሣት ይበቃል የሚል ደንብ ይወጣል። «በበጀት» ከሚለው አንድ «በ» ሲነሣ «በጀት» ይገኛል፤ ውጤቱ አስደሳች ነው። ደንቡ «በ» እስኪያልቅ እንዲደጋገም ከተደረገ ግን በጀቱ ጀት ሆኖ ይበራል። ቅጥያው ከዚህም ይብሳል። «ደብዳቤውን» ውስጥ «ውን» ቢቆረጥ «ደብዳቤ» ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ «መዝገቡን» ውስጥ ግን «ን»ን ቆርጦ የቀረውን «ቡ» ወደ «ብ» መመለስ ያስፈልጋል። ይህ መግፈፍ ሳይሆን ፊደልን ከካዕብ ወደ ሳድስ ማውረድ ነው፤ ለዚህም ደንቡ የፊደል ገበታውን በቃሉ መያዝ አለበት።

በተግባር የሚመከረው አራት ነጥብን ብቻ በኢንክሉድኤክስፒአር መግፈፍ ሲሆን፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በሚከተለው አቋራጭ አስቀድሞ አለመጠቀም። የቪም መመሪያ ለትዕግሥት የለሾች ሌላ አቋራጭ ይጠቁማል፤ ጂ እና ኤፍ ሲመቱ ከከርሰሩ ሥር ያለው ፋይል ባይኖርም እንደ አዲስ እንዲከፈት ማድረግ። በዚህ አቋራጭ የሚጠቀም ሰው «ደብዳቤ።» ላይ ቆሞ ሲመታ ባዶ ገጽ ይመጣለታል፤ ሳያስተውል ሴቭ ካደረገውም ከነአራት ነጥቡ እውነተኛ ፋይል ይወለዳል። በኋላ አቋራጩን ትቶ የመግፈፊያውን ደንብ ቢያስገባ እንኳ፣ ደንቡ የሚጠራው ስሙ እንደተጻፈ ሲታጣ ብቻ ስለሆነና ስሙ አሁን ስለማይታጣ፣ ቪም ባዶውን ፋይል በየጊዜው ያለ አንዳች የስህተት ቁጥር ይከፍትለታል።