ዳንቴል የለበሰ ስፒከር

ሆሳዕና ውስጥ እገሌ አዲስ ቴፕ ገዛ ሲባል ጎረቤት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ዋት ነው?» መልሱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ 12,000፣ 15,000። ቆጣሪያችን ባለ 10 አምፔር ከሆነ በ220 ቮልት ሲባዛ ለቤቱ በሙሉ የሚፈቅድልን 2,200 ዋት ነው፤ እሱም ምጣድ ካልተጣደ። የቀረው ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ብትጠይቁት «እሱ ፒኩ ነዋ!» ይላችኋል። እናንተም የገባችሁ መስላችሁ ካርቶኑን ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ።

የኔ ብጤዎች ዋት አንጠይቅም። «ሳክስፎኑ ከየት በኩል ነው የሚሰማው? ተቀባዮቹ ከዘፋኙ ኋላ ናቸው ወይስ ጎን?» ነው የኛ ጥያቄ። ድምፅ ያሳመመን ሰዎች ነን። ብዙ አይደለንም፤ ሺንሺቾ አንድ አለ፣ ሾኔ አንድ፣ አንጋጫ ደግሞ በዚህ ምክንያት ከሚስቱ ጋር ሽማግሌ የገባባቸው አንድ ምስኪን አለ። የቀሩት ከተሰደደው ጋር ተሰደዋል። ሰው ለለቅሶና ለሰርግ አገር ያቋርጣል፤ እኛ የሰው ቴፕ ለመስማት እናቋርጣለን። ለቤተሰብ ግን «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ይባላል።

ጆሯችንን ያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአባቶቻችን ሬዲዮ ነው። ብሥራተ ወንጌል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ከአዲስ አበባ ሲያሰራጭ፣ አባቴ ድንጋዩ ሲደክምበት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ከሰዓት በኋላ መልሶ ይከተዋል፤ ሬዲዮውም ከሞት ተነሥቶ እስከ ማታው ስብከት ይደርሳል። ለሬዲዮ ሲል ዝም ያለ ቤት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ አገር ቃለ ሕይወት ወይም መካነ ኢየሱስ ሚክሰር ላይ ተቀምጦ ያላደገ የድምፅ ሰው ብታገኙ እንግዳ ነው። ሰባኪው ሲያንሾካሹክ ከፍ፣ ሲጮኽ ዝቅ ማድረግ የልጁ ፋንታ ነው። ማይኩ ሲያፏጭ ጉባኤው በሙሉ አንገቱን ወደሱ ያዞራል፤ ሰባኪው ስለ ገሃነም እየሰበከ ከሆነ ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

ፈረንጆቹ በዚህ በሽታ ብሰዋል። በ2008 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ዕድሜያቸው ከ80 ስላለፈ የቶኪዮ ጠበቃ ጽፎ ነበር። ሰውየው የጎረቤቶቻቸው ኤሌክትሪክ ሙዚቃቸውን እንዳያቆሽሽባቸው ብለው ወደ 10 ሺህ ዶላር ከፍለው፣ ከነትራንስፎርመሩ የግላቸውን የመብራት ምሰሶ ግቢያቸው ውስጥ አስተከሉ። ይህን ሆሳዕና ላይ ቡና እየጠጣን ሳወራ ስለ ድምፁ የጠየቀኝ የለም። አንዱ «ካመለከቱ በስንት ዓመታቸው ተተከለላቸው?» አለ። ሌላው ትንሽ አሰበና «ጎረቤቶቻቸው ከዚያው ምሰሶ አልቀጠሉም?» ሲል ጠየቀ።

ጃፓን አልደረስኩም። መጀመሪያ የደረስኩት ጆበርግ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያልሸኘ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሆሳዕናን የሚያውቅ ሰው ጄፒ ስትሪት ላይ አይጠፋም። አብሮ አደጌ ግን ሱቁ ከከተማው ወጣ ብሎ «ሎኬሽን» በሚሉት ሰፈር ውስጥ ነው። ከፊት የብረት ፍርግርግ፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ ገንዘብ ይገባል፣ ዳቦ ይወጣል። ከኋላ መኝታው አለ። ከአልጋው ግራና ቀኝ፣ በለስላሳ ሳጥኖች ላይ፣ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ጥግ ጥጉን የበቆሎ ዱቄት ከረጢት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«ይኼን ነው ላሳይህ የፈለግኩት» አለኝ። ስፒከሩን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዱቄቱን ነው። ባስ ጥግ ይወዳል፤ ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ቦታ ይከማችና ይደነፋል። የሚያበርደው ወፍራምና ልል ነገር ነው። አውሮፓ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። የኔ ወዳጅ በከረጢት ዱቄት ነው ያደረገው፤ ከዚያም ላይ እያተረፈ። ችግሩ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሰው ዱቄት ይሸምታል፤ ከረጢቱ በጎደለ ቁጥር ባሱ ይለቃል። «የወር መጨረሻ ገቢ ጥሩ ነው» አለኝ በሐዘን፣ «ሙዚቃ ግን የለም።»

ድምፁን ከሩብ በላይ አይከፍተውም፤ ከፍርግርጉ ውጭ የሚመጣውን ኮቴ መስማት አለበት። እዚያ አገር ሱቅ የከፈተ የኛ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በዚያ ላይ ፍሪጁ ነበር። ለስላሳ የሚያቀዘቅዘው ትልቁ ፍሪጅ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ማሲንቆው ሊገባ ሲል እሱ ቀድሞ ይገባል። ወዳጄ አየኝ፣ ፍሪጁን አየ፣ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። ለእንግዳ በግ ሲታረድ ብዙ አይቻለሁ፤ ለእንግዳ ፍሪጅ ሲነቀል ግን ያየሁት እዚያ ነው። መሐሙድ አሕመድ አንድ አዝማች ሳይጨርስ አንድ ሕፃን ፍርግርጉን በሳንቲም እየመታ «ኮክ! ቀዝቃዛ!» አለ። ፍሪጁ ተሰካ።

በነገራችን ላይ እዚያም መብራት ይጠፋ ነበር፤ ግን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አስቀድመው ይነግሩ ነበር። ይህንንም ሆሳዕና ላይ አውርቼ ያመነኝ የለም።

ቀጥዬ የደረስኩት አሜሪካ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወዳጃችን የዱራሜ ልጅ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣውን ስፒከር አራተኛ ፎቅ በደረጃ አውጥቶታል። የአምባሪቾ ልጅ ደረጃ አይፈራም፤ ተራራቸው ራሱ አሁን 777 ደረጃ አለው። ቤቱ ሥርዓት አለው፦ ጫማ ይወልቃል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ወሬ የለም። ሳሎኑ መሐል አንዲት ወንበር አለች። ሁለቱ ስፒከሮችና ወንበሯ እኩል ጎን ባለው ሦስት ማዕዘን ላይ ናቸው፤ ዘፋኙ ፊት ለፊት ቆሞ የሚታየው እዚያች ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ግማሽ ክንድ ወደ ግራ ብትሉ ወደ ግራው ስፒከር ይገባል።

ይህን የፈጠረው ብቻውን የሚኖር ፈረንጅ ለመሆኑ አልጠራጠርም። እኛ ሦስት ነበርን።

«አንተ ተቀመጥ፣ እንግዳ ነህ።»

«ኧረ በሞቴ! አንተ እያለህ?»

«አፈር ስሆን!»

ወዳጃችን የያዘው ሸክላ አምሃ እሸቴ ያሳተመው ነበር። ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ብቻ ሥልጣን በነበረበት ዘመን፣ አምሃ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ ጀመረና ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ፤ ኋላ ራሱም እዚያው አጠገብ፣ ዋሽንግተን ነበር የተሰደደው። ያኔ በብር የተሸጠው ሸክላ አሁን ሰብሳቢዎች እጅ መቶዎች ዶላር ያወጣል። ከእነዚህ ትናንሽ ሸክላዎች አንዱ ገጽ ቢበዛ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። የኛ ግብዣ ከዚያ ይረዝማል። «በእናትህ ተቀመጥ» ላይ ስንደርስ መርፌው መሐሉን ጨርሶ «ቸክ፣ ቸክ» ይል ነበር። ሸክላው ሲገለበጥ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ያወራል፦ ቫልቩ የራሺያ ነው፣ ገመዱ እንዲህ ነው፣ አሁን ባሱን ስሙት፣ ቆይ ቆይ ሌላ ላስሰማችሁ። የድምፅ ሰው ቤት ሄዶ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር የሰማ ካለ እኔን ይጥራኝ። የምንሰማው ባለቤቱን ነው፤ ሙዚቃው ያጅበዋል።

ሚስቱ ዳቦ ይዛ ገባችና ቨርጂኒያ ስለነበረው ሰውዬ አወራችን። የዓለምን ምርጥ ድምፅ ቤቱ ውስጥ አሠራለሁ ብሎ 27 ዓመትና ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጨረሰ፤ ልጆቹን በሥራው ጠምዶ ከአንደኛው ጋር ተቀያየመ። በ2014 ዓ.ም. ሞተ። ዕቃው ተበታትኖ ሲሸጥ 157 ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። ታሪኩን ያወራችው ዓይኗን ከባሏ ላይ ሳትነቅል ነው። እሱ መርፌውን በብሩሽ እየጠረገ «ሳሎኑ ግን በጣም ጥሩ ነበር ይላሉ» አለ።

ያ የጆበርጉ ወዳጄ በመጨረሻ የሚያደርገው ጠፋው። ዱቄት በሌለበት፣ ኮቴ በማይደመጥበት ቦታ ይሰሙ ብሎ ስፒከሮቹን ለእናቱ ላከ። ሆሳዕና ባሠራው ቤት፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፤ ለድምፅ የተሠራ ይመስላል። ለሀዲያው ዘመን መለወጫ፣ ለያሆዴ ሰሞን «ሄደህ አቀማመጣቸውን እይልኝ፤ በቪዲዮ ደውልልኝ» አለኝና ሄድኩ።

መጀመሪያ የበዓሉ ምግብ፣ አታካናው፣ ቀረበ። ቅቤው ገና ሳይረጋ መበላት ስላለበት ስለ ስፒከር ማንሣት አልተቻለም። ጎረቤት ገባ፣ ሌላ ጎረቤት ገባ፣ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጡ ልጆች ገቡ። እኔ የክብር እንግዳ ነኝና ከፎቶዎቹ ሥር ያለው ትልቁ ሶፋ ተሰጠኝ፤ ከስፒከሮቹ የመጨረሻው ሩቅ ቦታ ማለት ነው።

ስፒከሮቹ ቡፌው ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንደኛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሌላኛው ላይ የልጁ የምረቃ ፎቶ አለ። ሁለቱም ከላይ እስከ ወገባቸው ነጭ ዳንቴል ለብሰዋል፤ የእማማ የራሳቸው የእጅ ሥራ፣ ጠርዙ ላይ ወፍ ያለበት። ዳንቴሉ የወረደው ልክ ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው ቲዊተር ላይ ነው። ከወገብ በታች የፋብሪካው ላስቲክ አልተነሣም።

መዝሙር ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችን አንድ ላይ እያወራን ስለሆነ እማማ «እንዲሰማ» ብለው ጨመሩት፤ እኛም እንዲሰማ ብለን ጨመርን። ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ይቺን ዳንቴል ለአንድ መዝሙር ብቻ ባነሣት?» አልኳቸው።

«ምን አልክ?» ብለው እጄን ያዙ። «እንግዳ እያለ ራቁታቸውን ይቁሙ?»

በዚሁ መሐል ስልኬ ጠራ። ጆበርግ ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ስልኩን ወደ ስፒከሮቹ አዞርኩለት። ፊቱን አቅርቦ፣ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ በራሱ ሁለት ትላልቅ ስፒከሮች የሚወጣውን መዝሙር ጥፍር በምታክል የስልክ ስፒከር አዳመጠ። ከኋላው ፍሪጁ ያጉረመርማል።

«እንዴት ነው ድምፁ?» አለኝ።

እማማ አጠገቤ ቆመዋል። «በጣም ለስላሳ ነው» አልኩት።

«አላልኩህም!» ብሎ ጮኸ። «ቲዊተሩ የሐር ነው እኮ!»