ሐተታ ልሳናት ዘአሰንዳቦ

የቀደሙት ሊቃውንት በሰናዖር ምድር ግንቡ በፈረሰ ጊዜ የሰው ልጅ ልሳን ሰባ ሁለት ሆኖ ተከፈለ ብለው ሲያስተምሩን፣ ከሰባ ሁለቱ ስንቱ ጊቤን ተሻግሮና ሶኮሩን አልፎ አሰንዳቦ እንደ ገባ ግን ጽፈው አልተዉልንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ያህል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ መንገደኛውን ጅማ ደረስሁ አልደረስሁም የሚያሰኘውን ስፍራ ይዛ የምትገኘውን ይህችን ከተማ መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢ እናቀርባለን። ምርመራው በአብዛኛው የተካሄደው ቡና እየተጠጣ ስለሆነ፣ ውጤቱ ከሌሎች ምርምሮች ይልቅ የነቃ ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ የጠየቅነው በመንገዱ ዳር ሱቅ ያለውን አንድ የጉራጌ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው እኛ በዱካ ላይ ተቀምጠን ሳለን ለአንዲት ባላገር ጨውና ሳሙና በኦሮምኛ ሸጠላት፤ በስተምሥራቅ ካለው ከየም አገር ማር ይዞ ከመጣው ደንበኛው ጋር ስለ ማሩ ንጽሕና በየምሳ ቋንቋ ተከራከረ፤ ከወልቂጤ የደወለለትን ታናሽ ወንድሙን በጉራግኛ ገሠጸ፤ ለግብር ሰብሳቢው ደግሞ ዘንድሮ ገበያ የሚባል ነገር እንደ ሌለ እንከን በሌለው አማርኛ አስረዳ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንት ቋንቋ እንደሚያውቅ ብንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን ቋንቋ አውቃለሁ፤ ሳልማር ቀረሁ እኮ!» አለን። የምርመራችን የመጀመሪያ ሕግ ከዚህ መልስ ተገኘ፤ ይኸውም በአሰንዳቦ አንድ ልሳን ከቁጥር የሚገባው ተናጋሪው የማይችለው ሲሆን ብቻ ነው።

ሕጉ የማንንም ፊት አያይም። የአገሩ ልሳን ኦሮምኛ በጅማ መሻይኾች እጅ በዐረብ ፊደል ተጽፎ መንዙማ ተደርሶበታል፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን በግእዝ ፊደል በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትመውበታል፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህም ቁቤ የተባለውን የላቲን ፊደል ለብሷል። ሦስት ካባ የደረበው ይህ ልሳን ግን ሁሉ ሰው ስለሚችለው ብቻ በነጋዴው መዝገብ ውስጥ አልገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና ይኖራቸዋል ሲል ደንግጓል፤ አሰንዳቦም ድንጋጌውን በታማኝነት ስትፈጽም ሁሉንም በእኩልነት አትቈጥራቸውም።

እንግዲህ ወደሚቈጠሩት እንለፍ። በመጀመሪያ የሚመጣው ጣልያንኛ ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገዋት ነበርና፣ ሲባረሩ የተዉት ልሳን እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሰማል። ከአንድ አይሱዙ ሥር እግሩ ብቻ ወጥቶ የሚታይ መካኒክ ረዳቱን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እያለ ሲጠራ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ሞተሪኖ ሲያማርር ከግማሽ ሰዓት በላይ አዳምጠናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም የጣልያን ግሥ ከአፉ አልወጣም፤ ፍሪሲዮኑን የሚያንሸራትተው፣ ፍሬኑን የሚበጥሰው፣ ሞተሪኖውን የሚያቃጥለው ያገር ግሥ ነው። ከዚህም የምንረዳው ወራሪው በተሸነፈ ጊዜ ስሙን ሁሉ ጥሎ ግሡን ይዞ መሸሹን ነው። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ የዚያው አገር ሰዎች፣ በሳሊኒ ኩባንያ ስም፣ ተመልሰው ከአሰንዳቦ አጠገብ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የግልገል ጊቤን ግድብ ሠርተዋል፤ ግድቡም በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ በዚህኛው ጉዟቸውም ቢሆን ግሥ አላመጡም።

ዐረብኛ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በቁርኣን ቤት በሉሕ ላይ ተጽፎ የሚቀራው ሲሆን፣ የቤተ ክህነት ተማሪ የግእዙን ዳዊት እንደሚደግመው ሁሉ፣ ትርጓሜው ለሊቃውንቱ ተትቶ ንባቡ ይጠናል። ሁለተኛው ከጅማና ከአካባቢዋ ወደ ሳዑዲና ወደ ኩዌት የሚሄዱት እኅቶቻችን በየወጥ ቤቱ ተምረውት የሚመለሱት ነው። ከተመለሱት አንዲቱን በጥንቃቄ ብንጠይቃት ታዓሊ፣ ሩሒ፣ ጂቢ፣ ነዝፊ እያለች ብዙ ግሥ ቈጠረችልን፤ ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ አጽጂ ማለት ነው። ጣልያንኛው ግሥ የሌለው ስም እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህ ደግሞ ከትእዛዝ አንቀጽ በቀር ሌላ አንቀጽ የሌለው ግሥ ነው። ኀላፊ ጊዜ፣ በተለይም «ከፈልሁሽ» የሚለው፣ በአንዳንድ ቤት ሳይሰማ ዓመታት እንደሚያልፉ ተነግሮናል።

የልሳናት ሁሉ ንግሥት ግን እንግሊዝኛ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእርሷ ስለሚሰጥና ፈተናዋም በምርጫ ስለሆነ፣ የአሰንዳቦ ወጣት እንግሊዝኛን የሚያውቃት ከአራት አንዱ የሚከበብባት፣ ባዶ ቦታ የሚሞላባት ልሳን አድርጎ ነው። በቃል ሲጠየቅ ዝም የሚለውም አራቱ አማራጮች ስላልቀረቡለት እንጂ ስለማያውቅ አይደለም። አንድ የሚኒባስ ረዳት፣ በሠላሳ ቀን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ የሚል አነስተኛ መጽሐፍ አውሶን እንደ ጥንታዊ ብራና መረመርነው፤ እስከ አራተኛው ቀን ያለው ቅጠል በጣት ወዝና በቡና ወይቧል፤ በአምስተኛው ቀን ኅዳግ ላይ የሒሳብ ድምርና የአንዲት ልጅ ስልክ ተጽፏል፤ ከሰባተኛው ቀን ወዲያ ያለው ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ንጹሕ ነው። ፈጣሪም በሰባተኛው ቀን ዐርፏልና በዚህ የሚፈርድ አይኑር።

የዚህችን ልሳን ምሥጢር ለመረዳት ወደ የም መመለስ ያስፈልጋል። በየም መንግሥት ዘመን ለንጉሡ ብቻ የተለየ ቃል ነበር፤ የንጉሡ ዓይን፣ የንጉሡ እጅ፣ የንጉሡ መብል እንደ ሌላው ሰው አይጠሩም፤ ቃሉን አሳስቶ የተናገረም በሞት ይቀጣ ነበር ይባላል። ዛሬ ንጉሡ የለም፤ ቃላቱን ግን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። በአሰንዳቦም እንግሊዝኛ የምትጠበቀው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በየቤቱ ተጠንታ፣ በየሱቁ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፋ፣ አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ለሚወርድ ፈረንጅ ተዘጋጅታ ትቀመጣለች፤ ፈረንጁ ግን ጅማ ለምሳ ለመድረስ ስለሚቸኩል አይወርድም። ልዩነቱ የየም ሰዎች ንጉሣቸውን አይተውት ማወቃቸው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ፈረንጁ አንድ ጊዜ ወረደ። ጎማው ተንፍሶበት ነው። የሠፈሩ ወጣቶች ለዚህ ቀን ሲያጠኑ የኖሩትን ዓረፍተ ነገር የሚናገር አንድ ደፋር ልጅ መርጠው፣ ሸሚዙን አስተካክለው ወደ ፊት ገፉት። ሰውዬው ግን ከልጁ ቀድሞ በኦሮምኛ አካም ጅርቱ አለና የከብቱንም የቤቱንም ደኅንነት በወጉ ጠይቆ፣ ጎሚስታው ወዴት እንደ ሆነ በአማርኛ አስከተለ። ልጁ የተሰማውን ቅሬታ ለባልንጀሮቹ በኦሮምኛ፣ ለነጋዴው በአማርኛ፣ ለእናቱም በየምሳ ገለጸ።