የላይኛው ከንፈር አስተዳዳሪ ማን ነው? በሪዝ አያያዝ ላይ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ከአፍንጫ በታች፣ ከአፍ በላይ ያለው ቦታ ስፋቱ ከሁለት ጣት አይበልጥም። ማዕድን የለውም፤ ወደብም አይደለም። ያም ሆኖ ነገሥታት የተጨነቁበት፣ ጦር ደንብ ያወጣበት፣ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙበት፣ ባልና ሚስት የተኮራረፉበት ይዞታ ነው። በላዩ የሚበቅለው ሪዝ ዝናብ ሳይጠብቅ፣ ማዳበሪያ ሳይጠይቅ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ባለቤቱም እንዲበቅል ፈቅዶ የተወውን ነገር ዕድሜ ልኩን ሲቀንስ ይኖራል። ይህ ጥናት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በዚህ ይዞታ ላይ የሚያዘው ማን ነው?

የይገባኛል ባዮች ታሪክ

ቀዳሚው ይገባኛል ባይ ጦር ሠራዊት ነው። የእንግሊዝ ጦር ደንብ ወታደሩ አገጩንና የታችኛውን ከንፈሩን እንዲላጭ፣ የላይኛውን ግን ምላጭ እንዳያስነካ ለአሥርተ ዓመታት ያዝ ነበር። ደንቡ የተሻረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1916 ነው። ዓለም በሙሉ በጦርነት እየነደደ ሳለ ለዚህ ጉዳይ ጊዜ መገኘቱ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። የሽረቱን ትእዛዝ የፈረሙት ጄኔራል ኔቪል ማክሬዲ የራሳቸውን ሪዝ አይወዱትም ነበር፤ በዚያው ምሽት ፀጉር ቤት ጎራ ብለው አስነሡት።

ሁለተኛው ይገባኛል ባይ አሠሪ ነው። በፓሪስ የምግብ ቤት አስተናጋጆች ሪዝ ማሳደግ ተከልክለው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራ አቁመው፣ ከደመወዝና ከዕረፍት ቀን ጥያቄያቸው ጋር የላይኛው ከንፈራቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ተመለሰላቸውም።

ሦስተኛው ዘውድ ነው። የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ዊልሄልም የሪዛቸውን ጫፎች ወደ ሰማይ አቁመው ዘመናቸውን ያስደነቁ ንጉሥ ናቸው። ጫፎቹን ያቆሟቸው ግን ንጉሡ አልነበሩም። ፍራንሷ ሀቢ የሚባል የቤተ መንግሥት ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ሰውዬው የሪዝ ቅባትም ይሸጥ ነበር፤ ተገዢዎችም ንጉሣቸውን ለመምሰል ማታ ማታ ሪዛቸውን በልዩ ማሰሪያ ጠፍረው ይተኙ ነበር። አንድ ግዛት በሙሉ አፉን ታስሮ ሲያድር ገበያው የደራለት ማን እንደሆነ ልብ ይሏል።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በአዲስ አበባ ፀጉር ቤቶች፣ ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚተላለፍባቸው ሰዓታት ከናሙናው ወጥተዋል፤ በእነዚያ ሰዓታት ምላጩን የሚመራው ጎል እንጂ ሙያ ስላልሆነ ውጤቱ ይዛባል።

ግኝት አንድ፦ ውሉ

ደንበኛው ተቀምጦ ጨርቁ አንገቱ ላይ ከታሰረ በኋላ የሚከተለው ስምምነት ይፈረማል።

«ጋሼ፣ ሪዙስ?»

«ነካ ነካ አድርገው።»

ሌላ አንቀጽ የለውም። መጠን አልተጠቀሰም፤ ምስክር የለም፤ ቅጣትም አልተደነገገም። ወዲያው ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን እጀታው ውስጥ ይከትና በሁለት ጣቱ የደንበኛውን የአፍንጫ ጫፍ ወደ ላይ ያነሣል። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ደንበኛው ተቃውሞ ማሰማት አይችልም፤ አፉን የከፈተ ይቆረጣል። ሹፌርም ሆነ ዋና ዳይሬክተር፣ አፍንጫው ተይዞ ሐሳብ የሰጠ ሰው እስካሁን አልተመዘገበም።

ግኝት ሁለት፦ የማስተካከል ሕግ

ፀጉር አስተካካዩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አንገቱን ዘመም ያደርግና ቀኙ እንደበለጠ ይደርስበታል። ቀኙን ይነካል። አሁን ግራው በልጧል። ግራውን ይነካል። ሙያው መቀነስ እንጂ መጨመርን ስለማያውቅ፣ ፍትሕ የሚሰፍነው የበለጠውን ወደ ያነሰው በማውረድ ብቻ ነው። ነገሩ እስከ መጨረሻው ቢገፋ ሁለቱ ወገኖች ፍጹም እኩል የሚሆኑት ምንም በማይቀራቸው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሪዝ የሚተርፈው እኩል ስለሆነ ሳይሆን ቀጣዩ ወረፋተኛ ስላጉረመረመ ነው። ስለዚህ ወረፋ የሌለበት ፀጉር ቤት ለሪዝ አደገኛ ነው።

ግኝት ሦስት፦ ለባለቤቱ የቀረለት ሥልጣን

በሁለት ጉብኝቶች መካከል ባለቤቱ የጽዳት ኃላፊነት ተሰጥቶታል። የማኪያቶውን አረፋ፣ የጠላውን አሠር፣ የሽሮውን ቅሪት ያነሣል። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ሥራ ልዩ ሲኒ ሠርተዋል፤ ከአፉ ላይ ሪዝ የሚያርፍበት ትንሽ መደብ አለው። በእኛ አገር ጠጅ በብርሌ መጠጣቱ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ ከንፈር እንጂ ሪዝ አያስጠጋም። የብርሌ ሠሪዎች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን የሪዝ ባለቤቶች ምስጋና ሊነፍጓቸው አይገባም።

ጽዳቱ ያልበቃው ባለቤት አንዳንዴ ያምፅና ቤቱ መስታወት ፊት መቀስ ይዞ ይቆማል። ዓመፁ የሚከሽፍበት ምክንያት የታወቀ ነው። ሰውየው ፊቱን ታጥቦ፣ ሪዙን ሳያደርቅ ይቆርጣል። የረጠበ ፀጉር ተዘርግቶ ረጅም ይመስላል፤ ሲደርቅ፣ በተለይ ጥቅልሉ፣ ተሰብስቦ ወደ ላይ ይወጣል። ልክ ነው ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ከንፈሩና ሪዙ ተለያይተው ያገኛቸዋል። ሽበት ለመሸፈን ቀለም የሚቀባውም ከዚህ አይሻልም፤ ቀለሙ ፀጉርን ከቆዳ ለይቶ ስለማያውቅ ድንበሩን አልፎ ይሰፍራል። ሁለቱም ዓመፀኞች እጃቸውን የሚሰጡት እዚያው ፀጉር ቤት ነው፤ ፀጉር አስተካካዩም «ማን ነው የነካው?» ብሎ ይጠይቃል። ደንበኛው መልሱን ያውቃል፤ አይናገርም።

የጥናቱ ውስንነት

ከግኝቶቹ ጋር የማይስማማ አንድ ሪዝ አለ፤ የስፔናዊው ሠዓሊ የሳልቫዶር ዳሊ። ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞቶ በ2017፣ የአባትነት ክርክር ለማጣራት መቃብሩ ሲከፈት፣ ሪዙ ጫፎቹን አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንደሚል ሰዓት ወደ ላይ አንሥቶ ተገኘ። 28 ዓመት ያለ ፀጉር አስተካካይ ቅርፁን ጠብቋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዳሊ ሲቀበር አስከሬኑ በመድኃኒት ደርቆ ስለነበር፣ ዘዴው ለመደበኛ ተጠቃሚ አይመከርም።

መደምደሚያና የመፍትሔ ሐሳብ

ጦሩ ደንቡን ሽሯል፤ አሠሪው ተሸንፏል፤ ዘውዱ ወርዷል። በይዞታው ላይ የቀረው ብቸኛ አስተዳዳሪ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ስለዚህ፦

1. ቤት ውስጥ የሚቆረጥ ሪዝ ደርቆ፣ ወደ ታች ተበጥሮ፣ ከመሐል ወደ ዳር ይቆረጥ።

2. ትእዛዝ ሁሉ ጨርቁ ከመታሰሩ በፊት ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ትእዛዝ «እም» ከሚለው ድምፅ አያልፍም።

3. ፀጉር አስተካካይ መቀየር ሲያስፈልግ ርቆ ሌላ ሰፈር ይኬድ፤ አሮጌው በር ላይ ቆሞ ያያል።

4. በዚህ አስተዳደር የተማረረ ሰው ሪዙን ጨርሶ የማንሣት መብት አለው። ማመልከቻውን ለፀጉር አስተካካዩ ያቀርባል።