ሐተታ በእንተ ኮሚክስ ወፊልም

መቅድም። ሊቃውንት ስለ ነፍስና ሥጋ ብዙ ተከራክረዋል። የኮሚክስ መጽሔት ለመጽሐፉ ስንት ገጽ፣ ለፊልም ወሬ ስንት ገጽ ይስጥ የሚለውን ከዚያ የሚከብድ ጥያቄ ግን የደፈረ አልተገኘም። እነሆ እኛ ደፈርነው።

አንቀጽ 1፤ ስለ ውድቀቱ ታሪክ። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 በ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ሲገለጥ የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር፤ ያወቀው ሁሉ አንብቦ ነው ያወቀው። በ1970 በሳን ዲዬጎ የተጀመረው የኮሚክስ ጉባኤ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ከ6,000 ሰው በላይ በሚይዘው «አዳራሽ ኤች» ነው፤ ሕዝቡም ደጁ ላይ ተሰልፎ የሚያድረው የፊልም ትሬለር ለማየት ነው። «ዊዛርድ» መጽሔት በ1991 የኮሚክስ ዋጋ ተማኝ ሆኖ ተነሣ፤ እያደር ለፊልምና ለቴሌቪዥን ገጹን ለቀቀ፤ በ2011 ኅትመቱ ቆመ።

አንቀጽ 2፤ ስለ ምክንያቱ። ንባብ፦ ያልተሠራው ከተሠራው ይበልጣል። ትርጓሜ፦ ረቡዕ ገበያ ስለ ዋለ ኮሚክስ ለመጻፍ ማንበብ ግድ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚወጣ ፊልም ለመጻፍ ግን ምንም ማየት አያሻም፤ ስለሌለ ነገር ሁሉም ሊቅ ነውና። አንድም፦ መጽሐፉ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይዘገባል። ፊልሙ ግን ተዋናዩ ሲታጭ አንድ፣ ሲያስተባብል ሁለት፣ ማስተባበሉን ሲያስተባብል ሦስት፣ ልብሱ ሲታይ አራት ዜና ይወልዳል።

አንቀጽ 3፤ ስለ ምስክር። ደራሲው ኤድ ብሩቤከርና ሠዓሊው ስቲቭ ኤፕቲንግ በ2005 በ«ካፕቴን አሜሪካ» ላይ ሞቷል የተባለውን የጀግናውን ባልደረባ ባኪን አስነሥተው «ዊንተር ሶልጀር» አደረጉት። በዚሁ ስም የተሠራው ፊልም በ2014 ወጣ። በፊልሙ ስለ ታየው የባኪ የብረት ክንድ የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም፤ ክንዱን ወረቀት ላይ ስለ ሣለው የሥጋ እጅ የተጻፈው ግን በአንድ ትንፋሽ ይነበባል።

አንቀጽ 4፤ ድንጋጌ። ፊልሙ ወደ መጽሐፉ የሚመራው አንባቢ ስላለ የፊልም ዜና አይከልከል። ነገር ግን ስለ ተዋናይ የሚጽፍ ሁሉ አስቀድሞ የደራሲውን፣ የሠዓሊውን፣ የቀለም ቀቢውንና የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በፊኛው ውስጥ የጻፈውን ሰው ስም ይጥራ፤ በዚያው ሳምንት የወጣ አንድ ኮሚክስም ከዳር እስከ ዳር ማንበቡን በፊርማው ያረጋግጥ። ድንጋጌው ሥራ ላይ በዋለ ዕለት ሚዛኑ ይስተካከላል፤ የሚፈርም ጋዜጠኛ ከተገኘ።