ሲደርቅ ይታያል

ቀለም ቀቢ ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ «ሲደርቅ ይታያል።» እዚህ ቡልቡላ ከተማ የሳሎኔን ግድግዳ የያዘው ልጅማ ሌላ ቃል የሚያውቅም አይመስል። «የኔ ወንድም፣ ሰማያዊ አልኩህ እኮ፤ ይሄ አመድ ነው» ስለው ሮለሩን ሳያቆም «ጋሼ፣ ሲደርቅ ይታያል» ይላል። የመጀመሪያው ባልዲ አልቆ ሁለተኛውን ሲበጠብጥ በዓይኑ ነው የሚለካው። ነጩ ላይ ሰማያዊውን ጠብ፣ ጠብ፤ በዱላ ማማሰል፤ ጣት ነክሮ ጥግ ላይ ማበስ፤ ራቅ ብሎ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት። በቃ! ከመስኮቱ በላይ አንድ ቤት፣ ከመስኮቱ በታች ሌላ ቤት።

አባባሉ እንኳ ውሸት አይደለም። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ ማጣበቂያው ነጣ ይላል፤ ሲደርቅ ይጠራና ቀለሙ ይጠቁራል። ኖራ ተቃራኒው ነው፤ ሲቀባ ግድግዳውን ያሳያል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ስለዚህ እርጥቡን ባልዲ ከደረቀው ግድግዳ ጋር እያስተያዩ መበጥበጥ መቼም ልክ አይመጣም፤ ትንሽ ቀብቶ፣ አድርቆ ማየት ነው። ሁለተኛው እጅም የታችኛው ሳይደርቅ ከተጫነ ሮለሩ ልጦ ያነሳዋል። በቡልቡላ ሙቀት እንኳ ይህን መጠበቅ ከአንድ ማኪያቶ በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል።

አገሩ ራሱ ቀለም ሲበጠብጥ የሚውል ነው። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነስቶ አቢጃታ ሐይቅ ይገባል። የሆራ ቀሎ ወንዝም የላንጋኖ ሐይቅን ቡናማ ውሃ ይዞ እዚያው ይወርዳል። ሻላ ሐይቅ ግን 266 ሜትር ጥልቀቱን ይዞ፣ ከጎረቤቶቹ ሳይደባለቅ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ እንደሆነ ቁጭ ብሏል። ለልጁም «እንደ ሻላ አድርግልኝ» ነበር ያልኩት። ያደረገልኝ ላንጋኖን ነው።

አቢጃታስ? የሚመጣለት ውሃ በየመንገዱ ለመስኖ ተሳበ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ተቀዳ፤ ዳርቻው ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። የሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ የነበሩት ፔሊካኖች ምሳቸውን ሩቅ በረው መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ማንም በአፉ አይበለው እንጂ አሠራሩ ያው ነው፤ ሲደርቅ ይታያል! ግድግዳ ደርቆ ይታያል፣ እሺ። ሐይቅ ደርቆ ምኑ ነው የሚታየው? ማንስ ነው ሁለተኛ እጅ የሚደርብበት?

ለነገሩ ልጁ ምን አጠፋ! ብዙዎቹ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከዚህ ቀለም የማመሳሰል ጣጣ ነፃ ነበሩ። ጨርቅ ላይ ሠርተው ግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር፤ ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ በመሃል ጥቁር መስመር። እኔም ሁለቱ ሰማያዊ ተብዬዎች የሚገናኙበት ላይ መስመር ላስምርበት ይሆን? አንዲት ጎረቤታችን «መስመሩ ቡናማ ቢሆን ነው የሚያምርበት» ብለዋል። ባለቤቴ «ምን አስጨነቀህ፣ ፎቶ ይሰቀልበት» ትላለች። የማን ፎቶ? የሷ ዘመዶች እንደሆነ ፎቶ መነሣት ሲወዱ ለጉድ ነው፤ የኔዎቹ ደግሞ ለመታወቂያ ከተነሡት ሌላ የላቸውም።